የሆድን ቅርጽ በቀዶ ሕክምና ማስተካከል፦ ከውሳኔ በፊት ሊታወቅ የሚገባው

ከወሊድ በኋላ ሆዷ ወደ ቀድሞ ቅርጹ አልመለስ ያላት እናት፣ ብዙ ኪሎ ቀንሶ ቆዳው የተንጠለጠለበት ሰው፣ ቦርጩ አልጠፋ ያለው ጎልማሳ፤ ሦስቱም «ሆዴን በቀዶ ሕክምና ላስተካክል» ሊሉ ይችላሉ። ይሁን እንጂ የሦስቱ ችግር አንድ አይደለም፤ መፍትሔውም እንደዚሁ ይለያያል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «የትኛው ቀዶ ሕክምና ይሻላል?» ሳይሆን «ሆዴን ያተለቀው ምንድን ነው?» የሚል መሆን አለበት።

ከላይ ወደ ውስጥ ብንመለከት መጀመሪያ ቆዳ፣ ቀጥሎ ከቆዳ ሥር ያለ ስብ፣ ከዚያም ጡንቻ፣ በመጨረሻም በአንጀት ዙሪያ የተከማቸ የውስጥ ስብ ይገኛል። ሊፖሰክሽን በቀጭን ቱቦ መጥጦ የሚያወጣው ከቆዳ ሥር ያለውን ስብ ብቻ ነው፤ የላላ ቆዳ አይሰበስብም። ተሚ ተክ (አብዶሚኖፕላስቲ) የተረፈውን ቆዳ ቆርጦ ያስወግዳል፤ በእርግዝና ምክንያት ግራና ቀኝ የተራራቁትንም የሆድ ጡንቻዎች ሰፍቶ ያቀራርባል። ፓኒኩሌክቶሚ ደግሞ የተንጠለጠለውን ቆዳና ስብ ብቻ ያነሣል። የጤና መድን ለውበት የሚደረገውን ቀዶ ሕክምና በአብዛኛው አይሸፍንም፤ የተንጠለጠለው ቆዳ ተደጋጋሚ ቁስል ሲያስከትል ግን ፓኒኩሌክቶሚን ሊሸፍን ይችላል።

የውስጡን ስብ ከእነዚህ አንዱም አይነካውም። በጣት ተቆንጥጦ የማይያዝ፣ ጠንከር ያለ ቦርጭ በአብዛኛው ከዚህ የሚመጣ ሲሆን፣ ከስኳርና ከልብ በሽታ ጋር ይበልጥ የሚያያዘውም እርሱ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በታተመ ጥናት 15 ከመጠን በላይ የወፈሩ ሴቶች በሊፖሰክሽን ብዙ ስብ ቢወጣላቸውም፣ ከሳምንታት በኋላ ሲመረመሩ ሰውነታቸው ኢንሱሊንን የሚጠቀምበት ሁኔታ አልተሻሻለም። ለጤና ሲባል ክብደት መቀነስ ሌላ የሕክምና ዘርፍ ነው፤ ከመነሻዎቹ አንዱም ሚኒያፖሊስ ነው። የከተማዋ ሐኪሞች አርኖልድ ክሬመንና ጆን ሊነር ምግብ አብዛኛውን ትንሹን አንጀት አልፎ እንዲሄድ የሚያደርግ ቀዶ ሕክምናን በ1954 እ.ኤ.አ. አስታውቀዋል።

ተሚ ተክ ለማድረግ ክብደት ለወራት ሳይዋዥቅ መቆየት አለበት። ገና መውለድ የምታስብ ሴት ብትዘገይ ይመረጣል፤ ቀጣዩ እርግዝና የተሰፋውን መልሶ ሊያላላው ይችላልና። ሲጋራ ቁስል እንዳይድን ስለሚያደርግ አስቀድሞ መቆም አለበት። የጥቁር ሰው ቆዳ ለኬሎይድ ይበልጥ የተጋለጠ በመሆኑ፣ ቀድሞ ጠባሳው ያበጠበት ሰው ይህን ለሐኪሙ መንገር ይኖርበታል፤ የተሚ ተክ ጠባሳ ከዳሌ እስከ ዳሌ የሚዘልቅ ነውና። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለስድስት ሳምንት ያህል ከባድ ነገር ማንሣት አይፈቀድም። በመንትዮቹ ከተሞች ለምንኖር ይህ ማለት በረዶ አለመዛቅ፣ ሕፃን አለማቀፍ፣ በአረጋውያን መንከባከቢያ የምንሠራም በሽተኛ አለማንሣት ማለት ነው።

የሕክምና ፈቃድ ያለው ሁሉ በፕላስቲክ ሰርጀሪ የሠለጠነ አይደለም። ሐኪሙ በአሜሪካ የፕላስቲክ ሰርጀሪ ቦርድ የተመሰከረለት መሆኑን፣ ፈቃዱንና የተወሰደበት የዲሲፕሊን እርምጃ መኖር አለመኖሩን ደግሞ ከሚኒሶታ የሕክምና ሙያ ቦርድ ማጣራት ይቻላል።

ዋጋው ረክሶ ወደ ውጭ አገር ለመሄድ የሚያስብም ቆም ብሎ ያስላ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እንዳስታወቀው፣ ከ2009 እስከ 2022 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ከተደረገ የውበት ቀዶ ሕክምና ጋር በተያያዘ 93 አሜሪካውያን ሞተዋል፤ ከተመረመሩት ሞቶች አብዛኞቹ የረጋ ደም ወይም ስብ የደም ሥር በመዝጋቱ የደረሱ ናቸው። ከሆድ ቀዶ ሕክምና በኋላም ቢያንስ ለ10 ቀን በአውሮፕላን አለመጓዝ ይመከራል።

ሐኪሙ ዘንድ ሲቀርቡ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ችግሬ ቆዳ ነው፣ ስብ ነው ወይስ ጡንቻ? ባላደርገው ምን ይቀርብኛል? አንድ ነገር ቢበላሽ ማን፣ የት ያክመኛል? መልሱ ግልጽ ካልሆነ መተውም አንድ ውሳኔ ነው።