ያገለገለ ላፕቶፕ ከመግዛታችሁ በፊት ቡት የሚያደርግ ፍላሽ አዘጋጁ

ሮም የምትኖሩ እሑድ ጠዋት ፖርታ ፖርቴሴ ገበያ ብትወርዱ ከልብስና ከድስት ጎን ያገለገሉ ላፕቶፖች ታያላችሁ። ዋጋው ያጓጓል። ግን ቆይ!

አንዲት ሰው ቤት የምትሠራ እህታችን ደሴ ላለ ወንድሟ ልትልክ ከአንድ መንገድ ዳር ሻጭ ላፕቶፕ ገዝታ ፎርማት እንዳደርግላት አመጣችልኝ። ስንከፍተው የባዮስ ፓስወርድ ጠየቀ። ይህ ፓስወርድ የሚቀመጠው ማዘርቦርዱ ላይ ስለሆነ ሃርድ ዲስኩን ፎርማት ብናደርገው፣ ብንቀይረውም አይጠፋም። ሻጩን ሁለት እሑድ ፈለግነው፤ የለም። ቀድማ ፍላሽ ሰክታ ብታይ ኖሮ ገንዘቧ አይባክንም ነበር።

ፍላሹ ለኢንስቶል ብቻ አይደለም። እንደ ሊኑክስ ሚንት ያሉት ሲስተሞች ሃርድ ዲስኩን ሳይነኩ ከፍላሹ ላይ ይሠራሉ። ማሽኑን ሳትከፍሉ ትፈትኑታላችሁ ማለት ነው።

ጀማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፦ ያወረዱትን የአይኤስኦ ፋይል ፍላሹ ላይ ኮፒ ፔስት ያደርጋሉ። እኔም ተማሪ ሳለሁ አድርጌዋለሁ፤ ግማሽ ቀን ጥቁር ስክሪን ሳይ ዋልኩ። አይኤስኦ የአንድ ሙሉ ዲስክ ምስል ነው። ኮምፒውተሩ ሲበራ ዩኢኤፍአይ የሚባለው ፕሮግራም በፋት32 የተዘጋጀ ክፍል ይፈልግና «ኢኤፍአይ» በሚለው ፎልደር፣ «ቡት» ውስጥ ያለውን ማስነሻ ፋይል ይከፍታል። ያ ፋይል በአይኤስኦው ውስጥ እንደታሸገ ከቀረ አያገኘውም።

ስለዚህ ዊንዶውስ ላይ ሩፈስን ተጠቀሙ። 8 ጊጋባይት ፍላሽ ይበቃል። ያወረዳችሁት ፋይል እንዳልተበላሸ የኤስኤችኤ256 ቁጥሩን ከድረ ገጹ ጋር አስተያዩ። ከዚያ ፍላሹንና አይኤስኦውን መርጣችሁ፣ ለዩኢኤፍአይ ማሽን ጂፒቲ፣ ለአሮጌ ባዮስ ኤምቢአር በሉና አስጀምሩ። ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል! የሠርግ ፎቶ ያለበትን ኤክስተርናል እንዳትመርጡ ሁለቴ እዩ።

ዊንዶውስ በእጅ ልሥራ የምትሉ ደግሞ ሌላ እንቅፋት አለ። ፋት32 ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም፤ የዊንዶውስ ዋናው የኢንስቶል ፋይል ብዙ ጊዜ ከዚያ ይበልጣል። ሩፈስ ይህን ራሱ ይፈታዋል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 ይፈልጋል። ለአሮጌ ማሽን እኔ ሚንትን እመርጣለሁ።

ገበያ ላይ ፍላሹን ሰክታችሁ ስታበሩ ዴል ወይም ሌኖቮ ከሆነ ኤፍ12ን፣ ኤችፒ ከሆነ ኤፍ9ን ደጋግማችሁ ተጫኑ። ፓስወርድ ከጠየቀ መልሱለት። ከተነሳ «ዲስክስ» የሚለውን ፕሮግራም ከፍታችሁ የሃርድ ዲስኩን ጤና እዩ፤ ዋይፋዩን፣ እያንዳንዱን የኪቦርድ ቁልፍ ሞክሩ፤ ቻርጀሩን ነቅላችሁ ባትሪው ምን ያህል እንደሚቆይ ተመልከቱ። ሻጩ «አይነካም» ካለ ጥላችሁ ሂዱ።

ኢንስቶል ስታደርጉ የኪቦርዱን ቋንቋ ጣሊያንኛ በሉ። አለበለዚያ ፓስወርድ ላይ የምትጽፉት ምልክትና ቁልፉ ላይ የታተመው አይገጥምም። ወደ አገር ቤት የሚላክ ከሆነ ደግሞ ኢንተርኔት እያላችሁ የአማርኛ መጻፊያውን እዚሁ ጫኑለት።