ማታ ለሚነሳ ፎቶግራፍ የኪስ ካሜራ ሲገዛ

ሚያዝያ 30 ቀን ማታ፣ ለግንቦት ልደታ አጥቢያ፣ በልደታና በአካባቢዋ ጎረቤት ከቤቱ ወጥቶ ደጅ ላይ ይሰበሰባል። እሳት ይነድዳል፣ ንፍሮው ይቀርባል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ቡና ይፈላል። ኢያቄምና ሐና እመቤታችንን የወለዷት ከቤት ውጭ፣ በሊባኖስ ተራራ ነው ስለሚባል በዓሉም በደጅ ይከበራል። ለዓይን የሚያምረው ይህ ምሽት ለካሜራ ግን ከባድ ፈተና ነው። ያለው ብርሃን የእሳትና የጧፍ ነው፤ ሰው ነጭ ነጠላ ለብሷል፣ ከጀርባው ጨለማ አለ፣ ልጆቹም አንድ ቦታ አይቆሙም።

ፎቶግራፍ በማንሳት ለሚተዳደር ወጣት ይህን የመሰለ ምሽት የሥራ ጊዜ ነው። የልደት ግብዣው፣ የክርስትናው ድግስ፣ የመልሱ ምሽት፣ የማኅበሩ ጽዋ ሁሉ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይደምቃል። በስልኩ ካሜራ ብቻ መሥራት የማይበቃው፣ ሌንሱ የሚቀያየር ትልቅ ካሜራ ለመግዛት ደግሞ አቅሙ የማይፈቅድለት ሰው፣ በኪስ የሚያዝ ዲጂታል ካሜራን እንደ መካከለኛ መንገድ ያየዋል። አስተሳሰቡ ትክክል ሊሆን ይችላል። ችግሩ፣ በካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥርና ማታ የሚጠቅመው ቁጥር የተለያዩ መሆናቸው ነው።

ስህተቱ ደግሞ ርካሽ አይደለም። ካሜራ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ስለሆነ ዋጋው ከዶላር ጋር ይወጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ እ.ኤ.አ. 2024 ሲያበቃ ከ120 ብር አልፏል። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2012 አር.ኤክስ.100 የተባለውን የኪስ ካሜራ ሲያወጣ ዋጋው 650 ዶላር ገደማ ነበር። ይህ ገንዘብ በፊተኛው ተመን 37 ሺህ ብር፣ በኋለኛው 78 ሺህ ብር ይሆናል፤ ያውም ማጓጓዣው፣ ቀረጡና የነጋዴው ትርፍ ሳይታሰብ።

በሌላ በኩል የዕቃው ዓለም አቀፍ ገበያ ራሱ ጠብቧል። የጃፓን የካሜራ አምራቾች ማኅበር አኃዝ እንደሚያሳየው፣ ሌንሳቸው የማይፈታ ዲጂታል ካሜራዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ከ108 ሚሊዮን በላይ ለገበያ ቀርበው ነበር፤ በ2023 የቀረቡት 1.7 ሚሊዮን ያህል ብቻ ናቸው። ገበያውን የወሰደው ስልክ ነው። ስለዚህ ዛሬ የኪስ ካሜራ የሚፈልግ ገዢ በአብዛኛው ያገለገለ ዕቃ ወይም በዲያስፖራና በመንገደኛ እጅ የመጣ ዕቃ ይገጥመዋል። እንዲህ ባለው ግዢ ዋስትና ብዙ ጊዜ ስለማይኖር ገዢው ራሱ ማወቅ አለበት።

ብርሃን የሚቀበለው ገጽ

የመጀመሪያው ጥያቄ "ይህ ካሜራ ኪሴ ውስጥ ካለው ስልክ ይበልጣል ወይ?" የሚለው ነው። መልሱ በአብዛኛው የሚገኘው ከሴንሰሩ ስፋት ነው። ሴንሰር ማለት በፊልም ካሜራ ዘመን የፊልሙን ቦታ ይዞ የነበረው፣ ብርሃን የሚያርፍበት ገጽ ነው። ዝናብ የሚጠራቀምበት ሳፋ ሰፊ ከሆነ ብዙ ውኃ እንደሚይዝ ሁሉ፣ ሴንሰሩም በሰፋ መጠን በተመሳሳይ ጊዜ ብዙ ብርሃን ይሰበስባል።

ርካሾቹ የኪስ ካሜራዎች የሚሠሩበት "1/2.3 ኢንች" የሚባለው ሴንሰር ስፋቱ 28 ካሬ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። "1/1.7 ኢንች" የሚባለው 43 ያህል ይደርሳል። "1 ኢንች" የሚባለው 116 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው፤ ከመጀመሪያው አራት እጥፍ ማለት ነው። ኤ.ፒ.ኤስ.-ሲ የሚባለው፣ በብዙ ትላልቅ ካሜራዎች ውስጥ የሚገኘው፣ 366 ገደማ ነው። በነገራችን ላይ "1 ኢንች" የተባለው ሴንሰር በማስመሪያ ቢለካ በየትኛውም በኩል 1 ኢንች አይሞላም። ስሙ ከድሮ የቴሌቪዥን ካሜራ ቱቦዎች አጠራር የተወረሰ ነው፤ የንግድ ቋንቋ እንዲህ ነው።

ብዙዎቹ መካከለኛ ዋጋ ያላቸው ስልኮች ከ1/2.3 ኢንች ያላነሰ ሴንሰር ይዘዋል። ከዚህም በላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ጉግል በፒክስል ስልኮቹ ላይ ካስተዋወቀው ወዲህ የተስፋፋው የምሽት ማንሻ ዘዴ ብዙ ምስሎችን በተከታታይ አንስቶ ወደ አንድ ያዋሕዳቸዋል። የቆመ ሕንፃ ወይም የተቀመጠ ሰው ሲነሳ ውጤቱ ጥሩ ነው። የሚያሸበሽብ ዘማሪ ወይም በእሳቱ ዙሪያ የሚሮጥ ልጅ ሲሆን ግን ምስሉ ይቀባባል። ካሜራ ከስልክ የሚሻልበት ቦታ ይኸው ነው፤ ግን ሰፊ ሴንሰር ካለው ብቻ። ባለ 1/2.3 ኢንች ካሜራን ለምሽት ሥራ መግዛት፣ ያለውን ስልክ መልሶ እንደ መግዛት ይቆጠራል።

የሜጋፒክስል ብዛትስ? በደላላው አንደበት መጀመሪያ የሚመጣው ይህ ቁጥር ለምሽት የሚሰጠው ጥቅም ትንሽ ነው። አምራቾቹም ያውቁታል። ካኖን እ.ኤ.አ. በ2008 ጂ10ን በ14.7 ሜጋፒክስል ካወጣ በኋላ፣ በሚቀጥለው ዓመት ተተኪውን ጂ11ን ወደ 10 ሜጋፒክስል አውርዶታል፤ ምክንያቱ በደብዛዛ ብርሃን የሚወጣውን ምስል ጥራት ለማሻሻል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የፉጂፊልም ኤፍ30 ደግሞ በ6 ሜጋፒክስል ብቻ በዘመኑ ማታ በማንሳት ስም ያተረፈ ካሜራ ነው።

የሌንሱ ቀዳዳና የዙም ዋጋ

ሁለተኛው ነገር ሌንሱ ነው። በሌንሱ ዙሪያ በደቃቅ ፊደል "1.8-4.9" ወይም "2.8" የሚል ቁጥር ይጻፋል። ይህ የሌንሱን መክፈቻ የሚገልጽ ሲሆን፣ ቁጥሩ ሲያንስ መክፈቻው ይሰፋል። ሁለት ቁጥር ከተጻፈ የመጀመሪያው ዙም ሳይደረግ፣ ሁለተኛው ዙሙ እስከ መጨረሻ ሲሳብ ነው። በመጀመሪያው አር.ኤክስ.100 ላይ ዙሙን እስከ ጫፍ የሚስብ ሰው ከብርሃኑ ሰባት እጅ አንዱን ብቻ ያገኛል። ለዚህ ነው ማታ ዙም ከማድረግ በእግር መጠጋት የሚሻለው።

ይህ በምሳሌ ይታይ። ፊቱን በጧፍ ብርሃን ከቅርብ ያበራ ሰው ሲነሳ፣ መክፈቻው ኤፍ 2 የሆነ ሌንስ በአይ.ኤስ.ኦ. 800 የአንድ ሰከንድ ሠላሳኛ ያህል ይበቃዋል። መክፈቻው ኤፍ 5.6 የሆነ ሌንስ ግን ስምንት እጥፍ ብርሃን ያጣል። ወይ አይ.ኤስ.ኦ.ው ወደ 6400 መውጣት አለበት፣ ወይ ካሜራው ሩብ ሰከንድ ያህል ተከፍቶ መቆየት አለበት። በመጀመሪያው መንገድ ምስሉ ይሻክራል፤ በሁለተኛው ሰውየው ትንሽ ከተነቃነቀ ፊቱ ይጠፋል።

አይ.ኤስ.ኦ. የተቀበለው ብርሃን ምን ያህል ተጎልቶ እንደሚወጣ የሚወስን መጠን ነው፤ ብርሃን አይጨምርም። ሬዲዮ ድምፁ ሲጨመር የጣቢያው ጩኸትም አብሮ እንደሚያድግ ማለት ነው። በካርቶን ላይ "እስከ 12800" ተብሎ መጻፉ ካሜራው እዚያ ድረስ ይሄዳል ማለት እንጂ፣ በዚያ የተነሳው ምስል ታትሞ ለደንበኛ ይሰጣል ማለት አይደለም። የእጅ መንቀጥቀጥን የሚቀንሰው መሣሪያም ወሰን አለው። የአንሺውን እጅ ያረጋጋል፤ የከበሮ መቺውን እጅ አያቆምም።

አዲስ የወጣ ሁሉ ለማታ ይሻላል የሚለውም ግምት ገዢን ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ሦስተኛው አር.ኤክስ.100 መክፈቻው ከ1.8 እስከ 2.8 ነው። በ2018 የወጣው ስድስተኛው ረጅም ዙም ስለተጨመረለት መክፈቻው ከ2.8 ይጀምራል። ይህ ዙም ሳይደረግ ከእጥፍ በላይ የብርሃን ልዩነት ነው፤ ለጉዞና ለቀን ሥራ ስድስተኛው ሊመረጥ ይችላል፣ ለልደታ ዋዜማ ግን አሮጌውና ርካሹ ይበልጣል። የካኖን ጂ7 ኤክስ ሦስቱም ትውልዶች ባለ 1 ኢንች ሴንሰርና ባለ 1.8-2.8 ሌንስ ናቸው። ከፍ ያለ ገንዘብ ያለው ኤ.ፒ.ኤስ.-ሲ ሴንሰር ያላቸውን ሪኮ ጂ.አር. ወይም ፉጂፊልም ኤክስ100ን ማየት ይችላል። ሁለቱም ዙም የላቸውም። የእጅ መንቀጥቀጥ መከላከያም ሪኮ የጨመረው በ2019 በወጣው ሦስተኛው ጂ.አር.፣ ፉጂፊልም ደግሞ በ2024 በወጣው ስድስተኛው ኤክስ100 ላይ ነው።

ፍላሽ አለ ተብሎ ይህን ሁሉ መተው አይቻልም። የኪስ ካሜራ ፍላሽ ከጥቂት ሜትር አያልፍም፤ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር የሚደርሰው ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል። ከፊት ያሉት ይነጣሉ፣ ከኋላ ያሉት ይጨልማሉ፣ የእሳቱም ወጋገን ከሥዕሉ ይጠፋል። በቅዳሴና በዝማሬ መካከል ፍላሽ ማብረቅ ምእመናንን የሚረብሽ መሆኑም አይዘነጋም።

ነጠላና ፊት

የውጭ አገር የካሜራ መመሪያዎች ብዙም የማያነሱት አንድ ጉዳይ አለ። ካሜራ በራሱ ሲለካ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ይሞክራል። ነጭ ነጠላ የለበሱ እናቶች ምስሉን ሲሞሉት ካሜራው "ብርሃኑ በዛ" ብሎ ያጨልመዋል፤ ነጠላው ግራጫ፣ ጠይም ፊታቸው ጥቁር ሆኖ ይወጣል። በተቃራኒው ጨለማው ምስሉን ሲሞላው ካሜራው ብርሃኑን ያበዛና የነጠላው ጥለት ሳይቀር ነጥቶ ይጠፋል። ስለዚህ የሚገዛው ካሜራ ብርሃኑን በእጅ መጨመርና መቀነስ የሚያስችል፣ በተለይም ፊት ላይ ብቻ መለካት የሚችል መሆን አለበት። ሮው በሚባለው ያልተነካ ፋይል የሚያስቀምጥ ከሆነ ደግሞ የጧፉን ቢጫ ብርሃንም፣ የጨለመውንም ፊት በኮምፒውተር ማቃናት ይቻላል። ይህ የሌለው ካሜራ በሥራ ላይ ለሚውል ሰው አይመከርም።

ሱቅ ውስጥ ምን ይደረግ?

የሱቅ መብራት ደማቅ ስለሆነ ማንኛውም ካሜራ እዚያ ያምራል። ገዢው ወደ ጨለም ያለው ጥግ ይሂድ። አይ.ኤስ.ኦ.ውን 1600፣ ፍጥነቱን የሰከንድ ሠላሳኛ አድርጎ፣ ነጭ ወረቀት የያዘ ሰው ፊት ያንሳ። ከዚያ በስክሪኑ ላይ አጉልቶ ሽፋሽፍቱ ይለይ እንደሆነ፣ ወይስ እንደ ሰም ቀልጦ እንደሆነ ይመልከት። ሚሞሪ ካርዱን ይዞ ሄዶ በኮምፒውተር ቢያየው ደግሞ የበለጠ ነው።

ቀጥሎ ዙሙን ደጋግሞ ያውጣና ያስገባ፤ የሚያጓጉል ወይም የሚይዝ ሌንስ ጥገናው የካሜራውን ያህል ሊያስወጣ ይችላል። መክፈቻውን አጥብቦ ባዶ ነጭ ግድግዳ ሲያነሳ ጥቁር ነጠብጣብ ከታየ ውስጡ አቧራ ገብቷል። ሌንሱ የሚወጣና የሚገባ ካሜራ አቧራ ይስባል፣ የአዲስ አበባም አቧራ የታወቀ ነው። የቋንቋ ምርጫውንም ይክፈት፦ ለጃፓን አገር ገበያ የተሠሩ የሶኒ ካሜራዎች በጃፓንኛ ብቻ የሚሠሩ ናቸው፤ ርካሽ የሆኑበት ምክንያት ይኸው ሊሆን ይችላል። ከላይ በጎ ስሙ የተነሳው ፉጂ ኤፍ30ም የራሱ ወጥመድ አለው። የሚሠራው ኤክስ.ዲ. በሚባል ካርድ ብቻ ነው፤ ይህ ካርድ መመረቱ ቆሟል። ያለ ካርዱ የሚሸጥ ኤፍ30 በነፃም ቢሰጥ ውድ ነው።

በመጨረሻ ሒሳቡ ይሠራ። ለስሌት ያህል አንድ ተራ ካሜራ 20 ሺህ ብር፣ ባለ 1 ኢንቹ 60 ሺህ ብር ይሁን። ከሁለት ዓመት በኋላ የመጀመሪያው 5 ሺህ፣ ፈላጊ ያለው ሁለተኛው 40 ሺህ ቢሸጥ፣ የወጣው ወጪ 15 ሺህና 20 ሺህ ነው፤ ልዩነቱ 5 ሺህ ብቻ። በላይ የተከፈለው 40 ሺህ ብር በባንክ በ7 በመቶ ወለድ ቢቀመጥ በሁለት ዓመት ሊያስገኝ ይችል የነበረው 5 ሺህ 600 ብር ሲጨመርበት ልዩነቱ 10 ሺህ 600 ይሆናል፤ በወር 450 ብር አይሞላም። በየሳምንቱ ምሽት ለሚሠራ ሰው፣ ደንበኛ "ፊቴ አይታይም" ብሎ ከሚመልሰው አንድ ሥራ ያነሰ ገንዘብ ነው። በዓመት ሁለት ምሽት ብቻ፣ ለቤተሰብ አልበም ለሚያነሳ ግን 60 ሺህ ብር ማሰር ሒሳብ አይሆንም፤ እሱ ለእነዚያ ሁለት ምሽቶች ካሜራ ቢከራይ ይሻለዋል።