ሳይጠየቁ መናገር፦ ስልካችንና ወላጆቻችን

 

ውድ ወንድሞችና እህቶች! ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ በብዙ ቤት ማታ ማታ የሚያጨቃጭቅ ነው። "እስቲ ስልኩን ወዲህ አምጣው!" "ከማን ጋር ነው የምትጻጻፊው?" ይላሉ ወላጆች። እናንተ ደግሞ "ለምን አያምኑኝም?" እያላችሁ የይለፍ ቃል ትቀይራላችሁ። ልክ ማን ነው? ዲናችን ለሁለቱም ወገን የሚለው አለው።

በመጀመሪያ ጭንቀታቸውን እንረዳ። በምሥራቅ ጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ ብዙም ሳይርቅ ያለውን አምበርን የመሰለ ትንሽ ከተማ አስቡ። ሰው ሁሉ ይተዋወቃል። ልጅ መንገድ ላይ ቢያጠፋ ጎረቤት ይቆጣዋል፤ ወሬውም ሳይመሽ እቤት ይደርሳል። ወላጆቻችን ያደጉት በዚህ ጥበቃ ነው። ስልክ ውስጥ ግን የሚቆጣ ጎረቤት የለም። ማንበብ የማትችል እናት ደግሞ ልጇ ፊት ላይ የሚበራውን ብርሃን እንጂ ጽሑፉን አታይም። በዚያ ላይ በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ሲቋረጥ ሕፃን የነበረው፣ ሲመለስ ጎረምሳ ሆኖ ጠበቀው። ወላጅና ልጅ ቀስ በቀስ አብረው የሚለማመዱበት ጊዜ አላገኙም።

ፍርሃታቸውም ከንቱ አይደለም። ዩኒሴፍ፣ ኢንተርፖልና ኤክፓት እ.ኤ.አ. በ2022 በኢትዮጵያ ላይ ባወጡት ጥናት፣ ኢንተርኔት ከሚጠቀሙ ከ12 እስከ 17 ዓመት ካሉ ልጆች 10 በመቶው በአንድ ዓመት ውስጥ በኢንተርኔት አማካይነት ለከባድ ወሲባዊ ብዝበዛና ጥቃት ተጋልጠዋል። ከአሥር ልጆች አንድ ማለት ነው።

ታዲያ ወላጅ ስልክ መበርበር ይችላል? አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሑጁራት (49፥12) ከመጥፎ ጥርጣሬ እንድንርቅና አንዳችን የሌላውን ነውር እንዳንሰልል ከልክሎናል። በሱረቱ ኑር (24፥58-59) ደግሞ ልጆች በሦስት ወቅቶች ሳያስፈቅዱ ወደ ወላጅ ክፍል እንዳይገቡ፣ ለአካለ መጠን ሲደርሱም ሁልጊዜ እንዲያስፈቅዱ አዟል። ቤተሰብም ቢሆን በመካከሉ ክብርና ገመና አለ ማለት ነው። በሌላ በኩል ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ እያንዳንዳችን ጠባቂ እንደሆንንና ስለምንጠብቀው እንደምንጠየቅ አስተምረዋል። አባትም እናትም በቤታቸው ላይ አማና አለባቸው።

እንግዲህ መጠበቅ ሌላ፣ መሰለል ሌላ ነው። እረኛ ጅብ ሲያይ ይሮጣል፤ በግ ሁሉ ሌባ ነው ብሎ ግን አያድርም። ግልጽ የአደጋ ምልክት ሲኖር ወላጅ መግባቱ ግዴታው ነው። ያለ ምክንያት ነውር ፍለጋ መሄድ ግን ልጅን ከማስተካከል ይልቅ መደበቅን ያስተምረዋል።

የእናንተ ድርሻስ? ሱረቱ ዩሱፍን መጀመሪያ ላይ አስተውሉ (12፥4-5)። ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) ያ ትልቅ ሕልም ሲታየው ወደ አባቱ ሄደ። ማንም አልመረመረውም፤ ራሱ ተናገረ። አባቱ ያዕቆብም (ዐ.ሰ.) አልሳቀበትም፣ አልተቆጣውም። በፍቅር አናግሮ፣ ይህን ለወንድሞችህ አትናገር ብሎ መከረው፤ ምክንያቱንም ነገረው። ለማን ምን እንደሚነገር፣ ምን እንደማይነገር ልጁ የተማረው ከአባቱ ነው። ዛሬ ፖስት ከማድረጋችን በፊት የሚያስፈልገንም ይኸው ምክር ነው።

ልጁ ቀድሞ በሚናገርበት ቤት ሰላይ አያስፈልግም። ስለዚህ፦

1. ዛሬ ከመግሪብ በኋላ ስልኩን ይዛችሁ ከእማዬና ከአባዬ ጋር ተቀመጡ። የምትከታተሉትን አሳዩአቸው፤ ማንበብ ካልቻሉ አንብቡላቸው። ቲክቶክ ምን እንደሆነ ከጎረቤት ወሬ ሳይሆን ከእናንተ ይስሙ።

2. ገደቡን አብራችሁ አውጡ። ስልኩ በመኝታ ሰዓት የት ይቀመጥ? የማያውቁት ሰው ሲጽፍ ምን ይደረግ? ቲክቶክ ላይ የወላጅና የልጅ አካውንት የሚገናኝበት ፋሚሊ ፔሪንግ የሚባል ማስተካከያ አለ፤ ወላጅ የሰዓት ገደብ ያደርጋል እንጂ መልእክታችሁን አያነብም።

3. "ፎቶሽን ካልላክሽልኝ" ወይም "ገንዘብ ካልላክህ እለቀዋለሁ" የሚል ሰው ከመጣ ብቻችሁን አትሁኑ። አትላኩ፣ አትክፈሉ፣ መልእክቱንም አታጥፉ፤ ማስረጃ ነው። የዚያኑ ቀን ለወላጅ ወይም ለምታምኑት ታላቅ ሰው ንገሩ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በእንዲህ ያለ ወንጀለኛ ላይ ቅጣት ደንግጓል። ሊያፍር የሚገባው እሱ ነው። አስፈራሪው ኃይል የሚያገኘው ከእናንተ ዝምታ ነው። ተሳስታችሁ የላካችሁት ነገር ቢኖርም ተናገሩ፤ የእናት ቁጣ አንድ ማታ ነው፣ የአስፈራሪ ጥያቄ ግን ማብቂያ የለውም።

4. ሉቅማን ልጁን ሲመክር፣ የሰናፍጭ ቅንጣት የምታህል ሥራ በቋጥኝ ውስጥ ብትሆን እንኳ አላህ እንደሚያመጣት ነግሮታል (31፥16)። ያጠፋነው ቻት ከወላጅ ዓይን ይሰወራል፤ ከአላህ ግን አይሰወርም። እውነተኛው የይለፍ ቃል ሐያእ ነው።

ይህን ለምታነቡ ወላጆችም አንድ ቃል፦ ልጃችሁ እውነቱን ሲነግራችሁ የምታሳዩት ፊት፣ ሁለተኛ ይነግራችሁ እንደሆነ ይወስናል። ስልኩን ከመቀማታችሁ በፊት ስሙት። የተናገረውንም ለዘመድና ለጎረቤት አትበትኑበት።

ወንድሞችና እህቶች! ወላጅን "ኡፍ" ማለት እንኳ የተከለከለ ነው (17፥23)። ዛሬ ማታ "ስልኩን አምጣው" ሲባል ፊታችሁን ከማጥቆር በፊት፣ ከጥያቄው ጀርባ ያለውን ፍርሃት አስቡ። ከዚያም ሳትጠየቁ ጀምሩ።

አላህ በወላጆቻችንና በእኛ መካከል ራህመት ያድርግ፤ በአደባባይም በብቸኝነትም የሚፈሩት ያድርገን። በዛሬው ዕለት በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ላይ ሶለዋት ማብዛትን፣ ሱረቱል ከህፍንም መቅራትን አንርሳ። ለወላጆቻችሁም አንብቡላቸው። አሚን!