ከት/ቤቱ ወለል በታች፦ የላቭ ካናል ነዋሪዎች ማኅበር ምን ያስተምረናል?

አንድ አዲስ መምህር በተመደበበት ት/ቤት ሲደርስ የሚጠይቀው ስለ ክፍሉ ብዛት፣ ስለ መጽሐፉና ስለ ጠመኔው ነው። «ይህ ት/ቤት የቆመበት መሬት ቀድሞ ምን ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። ይህ ጥያቄ ቀላል አለመሆኑን ለማሳየት በአሜሪካ አገር፣ በኒውዮርክ ክፍለ ግዛት፣ በናያጋራ ፎልስ ከተማ የደረሰውን የላቭ ካናል አደጋ ለዛሬው ጥናታችን መርጠናል። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ/ ቦታው

ዊሊያም ላቭ የተባለ ሰው በ1890ዎቹ ከናያጋራ ወንዝ ቦይ ጠልፎ የኤሌክትሪክ ኃይል ለማመንጨት አሰበ። ገንዘብ አጠረውና ቁፋሮው ተቋርጦ ቀረ። ከ1942 እስከ 1953 ድረስ ሁከር የተባለው የኬሚካል ኩባንያ በዚሁ ጉድጓድ ውስጥ 20,000 ቶን የሚያህል የኬሚካል ዝቃጭ በበርሜል እያደረገ ቀበረበት። በ1953 ጉድጓዱን አፈር አለበሰውና ለከተማው የትምህርት ቦርድ በአንድ ዶላር ሸጠው። በሽያጩ ውል ላይ ከመሬቱ ሥር ኬሚካል እንዳለና ወደፊት ለሚደርሰው ጉዳት ኩባንያው እንደማይጠየቅ ተጽፏል። እንግዲህ ልብ በሉ! ቦርዱ ይህን እያወቀ በቦታው ላይ የአንደኛ ደረጃ ት/ቤት ሠራ። በዙሪያውም መኖሪያ ቤቶች ተሠሩ።

2ኛ/ መርዙ እንዴት ወጣ?

ቦይው የተቆፈረበት መሬት ሸክላማ ስለነበረ ውሃ ቶሎ አያሳልፍም። በዚህም ምክንያት ጉድጓዱ እንደ ገንዳ ሆነ። ይሁን እንጂ ለመንገድና ለፍሳሽ መስመር ሲባል አካባቢው ሲቆፈር የሸክላው ግድግዳና ክዳን ተበሳሳ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ከባድ ዝናብና በረዶ በመጣ ጊዜ ገንዳው ሞልቶ ፈሰሰ። በርሜሎቹም ዝገው ስለነበር መርዙ ከውሃው ጋር ወደ ሰዎች ምድር ቤትና ወደ ልጆች መጫወቻ ሜዳ ዘለቀ። ከተገኙት ኬሚካሎች መካከል እጅግ አደገኛው ዳይኦክሲን ይገኝበታል።

3ኛ/ ነዋሪዎቹ ምን አደረጉ?

ሎይስ ጊብስ የ27 ዓመት የቤት እመቤት ነበረች። ልጇ በዚያ ት/ቤት መማር ከጀመረ በኋላ የሚጥል በሽታ ያዘው። በ1978 ስለ ቦታው በጋዜጣ ስታነብ ልጇ ወደ ሌላ ት/ቤት እንዲዛወርላት ጠየቀች፤ አልተፈቀደላትም። ስለዚህ ፊርማ ለማሰባሰብ ወጣች። የመጀመሪያውን በር አንኳኩታ መልስ ስታጣ ፈርታ ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ ኋላ ግን ሠፈሩን በር ለበር አዳረሰችው።

በነሐሴ 1978 የክፍለ ግዛቱ የጤና ኮሚሽነር ት/ቤቱ እንዲዘጋ፣ ነፍሰ ጡሮችና ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት እንዲወጡ አዘዘ። ቀጥሎም ፕሬዚዳንት ካርተር የአስቸኳይ ጊዜ አወጁ። ለቦይው ቅርብ የሆኑት 239 ቤተሰቦች እንዲነሡ ተደረገ። ከአጥሩ ወዲህ ያሉት 700 ያህል ቤተሰቦች ግን «እናንተን አያሰጋችሁም» ተባሉ። መርዝ አጥር አይቶ ይቆማል እንዴ?

በዚህ ጊዜ የተቋቋመው የቤት ባለቤቶች ማኅበር ትርፍ የሌለው፣ በነዋሪዎች መዋጮና ጉልበት የሚሠራ ነበር። አባላቱ በየቤቱ እየደወሉ ስንት ፅንስ እንደጨነገፈ፣ ስንት ልጅ አካሉ ጎድሎ እንደተወለደ መዘገቡ። ቤቨርሊ ፔይገን የምትባል የካንሰር ተመራማሪ መዝገቡን በካርታ ላይ እንዲያሰፍሩ ረዳቻቸው። ሕመሙ የበዛው በድሮ የውሃ መውረጃዎች ላይ በተሠሩ ቤቶች ሆኖ ተገኘ። ባለሥልጣኖቹ «የቤት እመቤቶች ወሬ ነው» ብለው ናቁት። ቢሆንም በየካቲት 1979 ከአጥሩ ወዲህ ያሉትም ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት ለጊዜው እንዲወጡ ታዘዘ።

በግንቦት 1980 የተቆጡ ነዋሪዎች ሁለት የመንግሥት የአካባቢ ጥበቃ ሠራተኞችን በማኅበሩ ጽ/ቤት ለሰዓታት አግተው ያዙ። ከሁለት ቀን በኋላ ካርተር ሁለተኛውን አዋጅ አወጁ፤ ቀሪዎቹም መልቀቅ ቻሉ። ይህ ነጥብ በመካከላችን ክርክር አስነሥቶ ነበር። ከፊሎቻችን «ውጤቱን ያመጣው እገታው ነው» አሉ። ነገር ግን ነገሩን አብጠርጥረን ስናየው ሁለት ዓመት ሙሉ የተያዘው መዝገብና ካርታ ባይኖር ኖሮ ቁጣው ብቻውን የትም አያደርስም ነበር እንላለን። ሰው ማገት ደግሞ ለመምህር ምሳሌ አይሆንም።

ሌላም መታየት ያለበት ነገር አለ። ማኅበሩ የቤት ባለቤቶች ነበር። በአቅራቢያው በመንግሥት ቤት በኪራይ የሚኖሩት፣ አብዛኞቹ ጥቁሮች፣ ጉዳያቸው ወደ ኋላ ስለተተወ የራሳቸውን ማኅበር ለማቋቋም ተገደዋል። ሕዝብ ተባበረ ስንል ማን እንደቀረ መቁጠርም ይገባናል ማለት ነው።

4ኛ/ ማገገም

ት/ቤቱና በቅርብ ያሉት ቤቶች ፈረሱ። ቦይው በሸክላ ተከደነ፣ ታጠረ፣ ዙሪያውን ፍሳሽ የሚለቅም መስመር ተዘረጋለት። በታኅሣሥ 1980 አሜሪካ የተበከሉ ቦታዎችን ለማጽዳት «ሱፐርፈንድ» የተባለውን ሕግ ስታወጣ አንዱ ትልቅ ምክንያት ላቭ ካናል ነበር። በ1990ዎቹ ከአካባቢው ቤቶች ከፊሉ ታድሰው ለአዳዲስ ነዋሪዎች ተሸጡ፤ በ2004 ቦታው ከዋናው የአደጋ ዝርዝር ተሰረዘ። መርዙ ግን አልወጣም፤ እዚያው ተከድኖ ይገኛል፤ ፍሳሹም ዛሬም እየተለቀመ ይጣራል። ጊብስም በ1981 ሌሎች ሠፈሮችን የሚረዳ ድርጅት አቋቁማ ሥራዋን ቀጠለች።

5ኛ/ ለእኛ ለእጩ መምህራን

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን። ድሩ ግን የሚፈተለው ከጥቃቅን ነገር ነው። መምህር በየቀኑ ስም ይጠራል፤ ማን ቀረ፣ ማን ታመመ፣ ከየትኛው ሠፈር ነው የሚለው ሁሉ በእጁ ነው። ይህን በደብተር ቢይዘው ለወላጆች ኮሚቴ ማስረጃ ይሆናል፤ ካልያዘው ወሬ ሆኖ ይቀራል። ለት/ቤት የሚሆን መሬት በነፃ ሲሰጥም «እናመሰግናለን» ከማለት በፊት የአካባቢውን ሽማግሌዎች ስለ ቦታው መጠየቅ ነውር አይደለም።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ/ የትምህርት ቦርዱ ውሉን ሲፈርም ምን መጠየቅ ነበረበት?
ለ/ በአንድ ክፍል ሕመም ሲበዛ መምህሩ ምን ምን መመዝገብ አለበት? ለማንስ ያቀርባል?
ሐ/ ተከራዮቹ ከመጀመሪያው በማኅበሩ ቢታቀፉ ኖሮ ምን ይለወጥ ነበር?

መልሳችሁን ጽፋችሁ ከዚሁ ጋዜጣ ሥር ለጥፉልን።