ስለ እንስሳት ትምህርትና ሽልማት

ጥያቄ፦ ውሻዬን በቁራሽ ሥጋ እያባበልሁ መታዘዝን አስተምሬዋለሁ። ይኸው ዘዴ ለበቅሎዬም ይረዳኛልን?

መልስ፦ ክቡር ጠያቂ ሆይ፥ ይረዳዎታል፤ ደመ ነፍስ ያለው ፍጥረት ሁሉ፥ ደስታን ያስከተለለትን ሥራ ደግሞ ደጋግሞ መሥራት ይወዳልና። ነገር ግን ሕጉ አንድ ሲሆን ጠባየ ፍጥረት ልዩ ልዩ ነው። የአሜሪካዊው ሊቅ የስኪነር ደቀ መዛሙርት የነበሩት ባልና ሚስት፥ ኬለርና ማሪያን ብሬላንድ፥ በ1961 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተሙት ጽሑፍ እንደ ገለጹት፥ ሳንቲም ከሣጥን እንዲከት በምግብ ያስተማሩት ራኩን የተባለ አውሬ ሳንቲሞቹን እርስ በርስ እያሻሸ አልለቅም ሲል፥ አሳማውም የተሸከመውን የእንጨት ሳንቲም ከመሬት ጥሎ በአፍንጫው ይገፋው ጀመር፤ ርኃብ እንኳ ቢጸናባቸው ተፈጥሮ ከትምህርት በልጣ ተገኘች።

ስለዚህ አስቀድመው የበቅሎዎን ጠባይ ይመርምሩ። ሽልማቷም እፍኝ ገብስ፥ ወይም ፈረሶች እርስ በርሳቸው በጥርስ የሚተካከኩበትን የጫንቃዋን ሥር ማከክ ይሁን። ሽልማቱ ከዘገየ ለየትኛው ሥራ እንደ ተሰጣት አታውቅም፤ በታንዛንያ፥ በሞሮጎሮ፥ ፈንጂን በማሽተት እንዲያገኙ የሚሠለጥኑ አይጦች ልክ በሠሩበት ቅጽበት ቀጭ የሚል ድምፅ ሰምተው ወዲያው ሙዝ የሚቀምሱት ስለዚህ ነው። ዱላውን ግን፥ አጥብቄ እለምንዎታለሁ፥ ከአጠገቧ ያርቁላት፤ መጀመሪያም እግሯን ማንሣትን ብቻ ያስተምሯት።