በሁለት ጣት ጊታር የተጫወተው ጃንጎ

በዛሬው ዝግጅታችን የጃዝ ጊታር ተጫዋችና የሙዚቃ ደራሲ የነበረውን የጃንጎ ራይንሃርትን ታሪክ ይዘንላችሁ ቀርበናል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነቱ

ጃንጎ በ1910 ቤልጂየም ውስጥ ተወለደ። ቤተሰቦቹ ሮማ ከሚባሉት፣ ከቦታ ቦታ እየተዘዋወሩ ከሚኖሩ ሕዝቦች ወገን ነበሩ። ያደገው በፈረንሳይ ዋና ከተማ በፓሪስ ዳርቻ፣ ጎማ ባለው የጋሪ ቤት ውስጥ ነው። ትምህርት ቤት ብዙም አልገባም። በ12 ዓመቱ ገደማ ባንጆ የሚባል ጊታር መሰል መሣሪያ አገኘና ትልልቆቹን እያየ ለመደ። ገና በልጅነቱ በጭፈራ ቤቶች እየተጫወተ ገንዘብ ማግኘት ጀመረ።

እሳቱ

በ1928፣ 18 ዓመት ሲሞላው፣ አንድ ሌሊት የሚኖርበት የጋሪ ቤት ተቃጠለ። ቤቱ ውስጥ ለገበያ የተሠሩ ሰው ሠራሽ አበቦች ነበሩ፤ የሻማ እሳት ሲነካቸው ቦግ አሉ። ጃንጎ እግሩና ግራ እጁ ክፉኛ ተቃጠሉ። ሐኪሞች እግሩ ይቆረጥ አሉ፤ እሱ ግን እምቢ አለ። እግሩ ቀስ በቀስ ዳነለት። የግራ እጁ የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ግን ታጥፈው ቀሩ።

ታዲያ እንዴት ተጫወተ?

ጊታር ላይ ቀኝ እጅ ክሩን ይመታል፤ የግራ እጅ ጣቶች ደግሞ ክሩን እየተጫኑ ድምፁን ይለዋውጣሉ። ለዚህ ሥራ አራት ጣት ያስፈልጋል። ጃንጎ የቀሩለት ደህና ጣቶች ሁለት ብቻ ናቸው! ወንድሙ አዲስ ጊታር አመጣለት። እሱም የድሮውን አጨዋወት ትቶ ሌላ ዘዴ ፈለገ። ዜማውን በጠቋሚና በመሀል ጣቱ እየሮጠ ይጫወታል፤ የታጠፉትን ጣቶች ደግሞ ብዙ ድምፅ በአንድ ላይ ሲያሰማ ይረዱታል።

እስቲ እናንተም ሁለቱን ጣቶች አጥፋችሁ የሸሚዛችሁን ቁልፍ ቆልፉ። በመጀመሪያ ያስቸግራል፤ ስትደጋግሙት ግን እጃችሁ ራሱ መላ ያገኛል።

ሥራዎቹ

በ1934 ከቫዮሊን ተጫዋቹ ከስቴፋን ግራፔሊ ጋር አምስት አባላት ያሉት ባንድ ተመሠረተ። አንድ ቫዮሊን፣ ሦስት ጊታርና አንድ ባለ ክር ቤዝ ነበራቸው፤ ከበሮም ጥሩምባም የለም። ጃንጎ ኖታ መጻፍ አይችልም ነበር፤ የደረሰውን በጊታር ሲጫወት ሌሎች ይጽፉለት ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ናዚዎች ብዙ የሮማ ሕዝቦችን ገደሉ። ጃንጎ በዚያ የጭንቅ ጊዜ፣ በ1940፣ «ደመናዎች» የሚል ትርጉም ያለው ታዋቂ ሙዚቃውን ቀረጸ። በ1946 አሜሪካ ሄዶ ከዱክ ኤሊንግተን ባንድ ጋር ተጫወተ። በ1953 በ43 ዓመቱ አረፈ።

ከዚህ ምን እንማራለን?

የጃንጎ ጣቶች አልዳኑም። የተለወጠው አጨዋወቱ ነው። ስለዚህ ክፍላችን ውስጥ ጉዳት ያለበት ጓደኛ ሲኖር «አንተ አትችልም፣ ቁጭ በል» አንበለው። «በምን መንገድ ይቀልሃል?» ብለን እንጠይቀው።

ጥያቄዎች

1. ጃንጎ ዜማ የሚጫወተው በየትኞቹ ጣቶቹ ነበር?
2. ባንዱ ውስጥ ያልነበሩት መሣሪያዎች የትኞቹ ናቸው?
3. ኖታ ሳይጽፍ እንዴት የሙዚቃ ደራሲ ሊሆን ቻለ?