የዱሮውን ሆም ቲያትር ከአዲሱ ቴሌቪዥን ጋራ ስለ ማገናኘት

በብዙዎቻችን ቤት በሳሎኑ ጥግ ጨርቅ ለብሶ የተቀመጠ አንድ ዕቃ አለ። ይኸውም አምስት ትንንሽ ስፒከሮችና አንድ ትልቅ የወፍራም ድምፅ ሣጥን ያለው፥ ሆም ቲያትር እየተባለ የሚጠራው የዲቪዲ ማጫወቻ ነው። ዲስክ የሚገዛ ሰው ስለ ጠፋ መሣሪያው ሳይበላሽ ሥራ ፈቷል። በአንጻሩ አዲሱ ቴሌቪዥን ሥዕሉ እጅግ የጠራ ሲሆን ድምፁ የቀጠነ ነው። ቴሌቪዥኑ እየሳሳ በሄደ መጠን የስፒከሩ ስፍራ ጠበበ፤ አፉም ወደ ታች ወይም ወደ ግድግዳው ዞረ። ከዚህም የተነሣ ጆሯቸው የደከመ አያቶቻችን ዜና በተሰማ ቍጥር «ምን አለ?» እያሉ ይጠይቃሉ። ቤተ ሰቡም አዲስ የድምፅ መሣሪያ ለመግዛት ገንዘብ ማጠራቀም ይጀምራል። የሚፈለገው ነገር ግን ብዙ ጊዜ እዚያው ጥግ ተቀምጧል።

ሁለቱ ዕቃዎች የማይግባቡት ለምንድን ነው? ምክንያቱ እርጅና ብቻ አይደለም። ድምፅ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፈው በሁለት ዐይነት መንገድ ነው። አንደኛው እንደ ድምፁ ሞገድ ከፍና ዝቅ በሚል ኤሌክትሪክ ሲሆን፥ ሁለተኛው ሞገዱ ተለክቶ በቍጥር ተጽፎ ነው። ቍጥሩም ቢሆን የሚጻፍበት ቋንቋ ልዩ ልዩ ነው። እንግዲህ ገመዱ በትክክል ተሰክቶ ሳለ ድምፅ ባይሰማ፥ መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ ከመፍረድ በፊት በየትኛው ቋንቋ እንደ ተነገረው መመርመር ይገባል።

ከሁሉ አስቀድሞ ሁለቱንም ከሶኬት ነቅሎ ጀርባቸውን ማየት ነው። ዕቃውን ዘመድ ከአሜሪካ አምጥቶት ከሆነ 120 ቮልት ብቻ የሚል ጽሑፍ እንዳለበት ይታይ፤ የአገራችን መብራት 220 ቮልት ስለ ሆነ ያለ ትራንስፎርመር ቢሰኩት ይቃጠላል። ቀጥሎ «ኢን» የሚለው መግቢያ፥ «አውት» የሚለው መውጫ መሆኑን ልብ ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚሰናከለው በዚህ ነው። ቀይና ነጭ ቀዳዳ በሁለቱም ላይ ስላየ ብቻ ያገናኛቸዋል። የዲቪዲው «አውት»፥ የቴሌቪዥኑ ደግሞ «ኢን» የሆነ እንደ ሆነ ድምፁ ወደ ቴሌቪዥኑ ይሄዳል እንጂ ወደ ስፒከሮቹ አይመጣም። በዱሮው ዕቃ ላይ አንድም «ኢን» ካልተገኘ ገመድ መግዛት ከንቱ ወጪ ነው።

ለዱሮ ዕቃ ብዙ ጊዜ የሚስማማው ኦፕቲካል የተባለው የብርሃን ገመድ ነው። ይህን ገመድ ቶሺባ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1983 አወጣው። በውስጡ የሚሄደው ኤሌክትሪክ ሳይሆን እየበራ እየጠፋ ቍጥር የሚያስተላልፍ ቀይ ብርሃን ነው። ስለዚህም ከመብራት መስመር የሚመጣው እምም የሚል ጕርምርምታ በእርሱ በኩል አያልፍም። ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ የፕላስቲክ ክዳን ሳትነቀል ቢገፉት አይገባም። ቴሌቪዥኑ በርቶ ሳለ ሌላውን ጫፍ ወደ ወረቀት ቢያዞሩት ቀይ ነጥብ ይታያል፤ ካልታየ ችግሩ ከቴሌቪዥኑ ወይም ከገመዱ ነው። ገመዱ እንደ ልብስ መታጠፍ የለበትም፤ ብርሃኑ በእጥፋቱ ላይ ይባክናል።

አሁን ወደ ቋንቋው እንመለስ። በቴሌቪዥኑ የድምፅ ማስተካከያ ውስጥ «ፒሲኤም» እና «ዶልቢ ዲጂታል» የሚሉ ምርጫዎች ይገኛሉ፤ ሁለተኛውን «ቢትስትሪም» የሚሉትም አሉ። ፒሲኤም ቍጥሩን ሳይጨምቅ የሚልክ ነው። በአንድ ሰከንድ 48,000 ጊዜ ይለካል፥ እያንዳንዱ ልክ በ16 ቢት ይጻፋል፥ መስመሩም ሁለት ነው። ብናባዛው 1,536,000 ቢት ይሆናል። በዚህ ገመድ ፒሲኤም የሚያልፈው በሁለት መስመር ብቻ ስለ ሆነ አምስቱ ስፒከሮች የየራሳቸውን ድምፅ አያገኙም። ዶልቢ ዲጂታል ግን ስድስቱን መስመር ጨምቆ በዲቪዲ ላይ ቢበዛ በ448,000 ቢት ያስቀምጠዋል። ይህ ከመጀመሪያው ከሲሶው ያነሰ ነው፤ ለእኔ በዚህ ጉዳይ ሁሉ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ድንቅ ነገር የለም። ስለዚህ ምርጫው ዶልቢ ዲጂታል ይሁን። በኢንተርኔት የሚመጡ ብዙ ፊልሞች «ዶልቢ ዲጂታል ፕላስ» በሚባል ኋላ በመጣ ቋንቋ ይናገራሉ፤ የዱሮው ዕቃ ይህን አያውቅም። ቴሌቪዥኑ ተርጕሞ እንዲልክለት ያስፈልጋል።

እንዲህም ተደርጎ የኋላዎቹ ስፒከሮች ዝም ቢሉ ጥፋት ላይሆን ይችላል። ጣቢያው የሚያሰራጨው በሁለት መስመር ብቻ ከሆነ ለኋላዎቹ የተላከ ድምፅ የለም። በዚህ ጊዜ በዱሮው ሪሞት ላይ «ፕሮ ሎጂክ» የሚለውን መጫን ነው። ይህ ዘዴ በግራና በቀኝ እኩል የሚሰማውን ድምፅ ለይቶ ወደ መካከለኛው ስፒከር ይመራዋል። ንግግር አብዛኛውን ጊዜ እኩል የሚሰማ ስለ ሆነ ለአያቶቻችን የሚጠቅመው ይኸው ነው።

ዕቃው ኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ካለው «ኤአርሲ» የሚል ጽሑፍ ይፈለግበት። ድምፅን ከቴሌቪዥን ወደ ኋላ የሚመልሰው ይህ መንገድ የተጨመረው በ2009 ስለ ሆነ ከዚያ በፊት የተሠራው አይኖረውም። ዕቃው ያለው ቀይና ነጭ «ኢን» ብቻ ከሆነ ደግሞ ከቴሌቪዥኑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ በገመድ ማምጣት ይቻላል። ያም ካልተገኘ ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚለውጥ ትንሽ ሣጥን ይገዛል። ሣጥኑ አብዛኛውን ጊዜ ዶልቢን ስለማያውቅ እዚህ ላይ ምርጫው ተገልብጦ ፒሲኤም ይሆናል።

የስፒከሮቹን ገመድ ስንሰካ ቀዩ ከቀይ፥ ጥቍሩ ከጥቍር ይግጠም። አንዱ ቢገለበጥ አንዱ ስፒከር አየሩን ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ወፍራሙ ድምፅም ይሳሳል። ከገመዱ ጫፍ አንዲት ቀጭን ሽቦ አፈንግጣ ጎረቤቷን ብትነካ ዕቃውን ልታቃጥል ትችላለች። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ከጀርባችን 1 ሜትር ርቆ ያለው ስፒከር 3 ሜትር ርቆ ካለው የፊተኛው ስፒከር በሺህኛ ሰከንድ 6 ያህል ቀድሞ ይሰማል። ዕቃው ርቀት ሲጠይቅ በሜትር ለክቶ መሙላት ይህን ያስተካክለዋል።

በመጨረሻም የቴሌቪዥኑ የራሱ ስፒከር ይዘጋ፤ አለዚያ አንዱ ቃል ሁለት ጊዜ ይሰማል። በብርሃን ገመድ ሲሆን ድምፁን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ብዙ ጊዜ የዱሮው ሪሞት ብቻ ስለ ሆነ፥ ከገባበት መሳቢያ ተፈልጎ ባትሪው ይቀየርለት።